«ትልልቆቹን አሽሻቸው»

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጥግ ላይ ባለመስታወት የዓሣ ሣጥን አየሁ፤ አኳሪየም የሚሉትን። ከሥሩ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ደስ ብሏት ታየዋለች። እኔ ወንበር ቀየርኩ። በዚህ ዕድሜዬ አረፋ ያስፈራኛል ብል ማን ያምነኛል?

ታላቅ ወንድሜ ሁሴን በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር። እኔ ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እማር ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረ የውጭ ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ዓሦቹን ከነሣጥናቸውና አየር ከምትነፋው ትንሽ ሞተር ጋር ሰጠው። ማጣሪያው ግን ተሰብሮ ስለነበር፣ ውኃው በሳምንቱ የጎመን ቅቅል መሰለ።

ማጣሪያ መሥራት የእኔ ፈንታ ሆነ፤ የባዮሎጂ መምህራችን አሳይተውን ነበር። ስፖንጅ በተበሳሳ ቱቦ ላይ ይሰካል፤ በቀጭን የጉሉኮስ ጎማ ከሥሩ አየር ይለቀቃል። አረፋው በቱቦው ሽቅብ ሲወጣ ውኃውን አብሮ ይስባል፣ ቆሻሻው ስፖንጁ ላይ ይቀራል። እሁድ እሁድ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወርጄ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ስገባ ሹራቤን አውልቄ፣ ሁሴን የገዛውን ፓፓያ እየበላን ስንሞካክር እንውል ነበር። ከዚያ የበለጠ ደስታ አላውቅም ነበር።

አንድ ሳምንት ላይ ተለቅ ያለ ማጣሪያ ሠራሁ። ሲተከል የሥሩ ጠጠር ስለሚታመስ፣ ትልልቆቹ ዓሦች ቀድመው ወደ ባልዲ መዛወር ነበረባቸው። ይህንኑ ጽፌ በአውቶቡስ ሾፌር ላክሁለት። ቀልድ ስለምወድ እንዲህ አልኩ፦ «ማጣሪያው እሁድ ይጀመራል። ትልልቆቹን ቀድመህ አሽሻቸው። ትንንሾቹ ይቆዩ።» እጅ ጽሑፌን ስለሚያውቅ ስሜን አልጻፍኩም። ዓሣ የሚል ቃልም አልጻፍኩም።

በዚያ ሰሞን ፋብሪካው ውስጥ ሌላ ማጣራት ተይዞ ነበር። ሠራተኛው በስብሰባ እየተነሣ፣ ፀረ አብዮት ማን እንደሆነ ይጣራ ነበር። ሾፌሩ ወረቀቷን ለበር ዘበኛው ሰጠ፤ ዘበኛው ከፍቶ አነበባትና ለካድሬው ወሰዳት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ያመለጠው ግን የእኔ አፍ ነው፤ የተመለጠው የሁሴን ራስ።

ቅዳሜ ጎረቤቱ ደሴ ድረስ መጥታ፣ በአንዲት ወረቀት ሰበብ እንደታሰረ፣ የጻፈውንም ሰው ስም አልናገርም ማለቱን ነገረችን። እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቴ «ያ ረቢ» አለ። የማን ወረቀት እንደሆነች ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም። ዛሬ ይፈቱታል፣ ነገ ይፈቱታል እያልኩ እሁድ አለፈ፤ ሰኞም አለፈ።

ማክሰኞ ጠዋት እናቴ የወሰደችለትን ስንቅ እንዳለ ይዛ ተመለሰች። አንቀበልም ብለዋታል። ስንቅ ሲመለስ እስረኛው ተገድሏል ወይም ሊገደል ነው ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን ያልሰማ የለም። ስፖንጁንና ጎማውን ዘንቢል ውስጥ ከትቼ፣ ለማንም ሳልናገር አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ካድሬው በዕድሜ ከሁሴን የማይበልጥ ወጣት ነበር። ወረቀቷን የጻፍኳት እኔ ነኝ፣ ነገሩም የዓሣ ነው ስለው፣ ሳያምነኝ ሁሴን ወደሚኖርበት ክፍል ይዞኝ ሄደ። ሲፈትሹ ሞተሯን ነቅለዋት ኖሯል። ዓሦቹ፣ ትልልቁም ትንንሹም፣ ሞተው ተንሳፈዋል። ሞተሯን ሰክቼ ማጣሪያውን ገጠምኩ። አረፋው ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ካድሬው ጎንበስ ብሎ አየው።

«ዓሣ ብለሽ ብትጽፊ ምን ነበረበት?» አለኝ።



በማግስቱ ሁሴን ተፈታ። ውስጥ እግሩን ተገርፎ ስለነበር ደግፈን ነው ቤት ያስገባነው። ብቻችንን ስንሆን፣ «እሁድና ሰኞ ነው የጠናብኝ» አለኝ። ቀጥሎም «ያንቺ ወረቀት መሆኗን መቼ አወቅሽ?»

«ማክሰኞ» አልኩት። «እንዳወቅሁ መጣሁ።»

«አንቺማ ብታውቂ አታድሪም ነበር» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ሁሴን ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ልጆቹ ለዒድ ቤቴ ሲሰበሰቡ ይህን ታሪክ ለልጆቻቸው ያወሩታል። አክስታችን ነገሩን ባወቀች ሰዓት ሮጣ ሄዳ አባታችንን አስፈታችው ይላሉ፤ ትንንሾቹም ተነሥተው ጉልበቴን ይስማሉ። በየዒዱ ዛሬስ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ያኔ የፈራሁት ግርፋት ነበር፤ አሁን የምፈራው የእነዚህን ልጆች ዓይን ነው። ባለፈው ዒድም ትልቁ ልጁ ማክሰኞ ላይ ሲደርስ፣ ሻይ ልቅዳ ብዬ ተነሣሁ።