ሪኮመንዴሽን ፍለጋ ለቅሶ ቤት

እኛ አገር «ፕሮሰስ» የጀመረ ሰው አፉን ይይዛል፤ ከተወራ አይሳካም ይባላል። እኔም ለማስተርስ ውጭ አገር ሙሉ ወጪ የሚሸፍን የትምህርት ዕድል ሳመለክት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ቦንጋ ውስጥ ጠዋት መነኸሪያ ያስነጠሰ ሰው ከሰዓት ገበያ ላይ «ይማርህ» ይባላል። አንድ ቤት እየኖርን ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።

ትምህርቱ ስለ ደን ነበር። ሥራዬም እሱው ነው። የጓሮዬን ደን ሊያጠኑ ተመራማሪዎች ከባሕር ማዶ ይመጣሉ፤ እኔ መንገድ አሳያለሁ፣ ዛፍ እቆጥራለሁ፣ ሲሄዱ እጄን አውለበልባለሁ። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ዕድሜዬም አልቆመልኝም።

ለቢሮ ኃላፊዬ ግን መንገር ግድ ሆነ። ማመልከቻው የቅርብ አለቃ ምስክርነት ይጠይቃል፤ ያውም አለቃው ራሱ በኢሜይሉ በሚላክለት ሊንክ ገብቶ የሚያስገባው። ኃላፊዬ ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁና እንደ ማንኛውም አለቃ «ራስሽ ጻፊና አምጪ፤ እኔ እልከዋለሁ» አሉኝ። ራስን ማመስገን ምን ያህል እንደሚያስጠላ የሚያውቀው የሞከረው ነው። «ትጉህ» ብዬ ጻፍኩ፣ አፍሬ አጠፋሁ፣ ከዚያ «እጅግ ትጉህ» ብዬ መለስኩት። በፍላሽ ሰጠኋቸው። ዛሬ ነገ ሲሉ እናታቸው አረፉና ከቢታ ገነት ወዲያ ወዳለው የትውልድ ቀበሌያቸው ሄዱ።

ሊንኩ ሊዘጋ አንድ ቀን ቀረው። ስደውል ስልካቸው አይሠራም። የማመልከቻውን ዳሽቦርድ ስከፍት ከስማቸው ጎን ያው «ፔንዲንግ»፤ አልላኩም። ቁጭ ብድግ አልኩ። ሰው እናቱን ቀብሮ አንቺ ስለ ሊንክ ታስቢያለሽ ብዬ ራሴን ሰደብኩ፤ ሰድቤ ስጨርስ እንደገና ከፈትኩት። ማለዳ እናቴን «የኃላፊዬን ለቅሶ ልደርስ ነው» አልኳት። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ሰው ለሰው እንዲህ ነው!» ብላ ስኳር በፌስታል ቋጠረችልኝ፣ ነጠላዋን አለበሰችኝ። ላፕቶፔን ከነጠላው ሥር አንግቼ ወጣሁ።

ሺሺንዳ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበርና ሚኒባሱ ሰው ካልሞላ አልሄድም ብሎ ቆመ። ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ደግሞ ወረድኩ። ሾፌሩ «እህቴ፣ አንቺ ስለተቁነጠነጥሽ መኪና አይሞላም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ወርደን እየገፋን ሄድን።

ድንኳኑ ሲታይ ማልቀስ ደንብ ነው። ዕንባ ከየት ላምጣ? ጉሮሮዬ ላይ የተሰነቀረው ሊንክ ብቻ ነው። ኃላፊዬ ግን ሲያዩኝ ተነሥተው መጡና አቅፈውኝ አለቀሱ። ቢሮ ውስጥ ፈገግታቸውን እንኳ በማኅተም የሚሰጡ ሰው ናቸው። ትከሻዬ ላይ ሲንቀጠቀጡ እኔም አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይሁን ከሐፍረት ዛሬም አላውቅም።

ንፍሮ ቀረበልኝ። ኃላፊዬ ለሽማግሌዎቹ በካፊኖኖ አንድ ነገር ሲናገሩ ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አያቶቼ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ ቦንጋ ተወልጄ ካፊኖኖዬ ከገበያ አያልፍም። አጠገቤ ያሉትን ሴትዮ ምን አሉ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ከቢሮ የመጀመሪያዋ ናት፤ በዚህ ጭቃ ለእናቴ ብላ መጣች ነው የሚሉት» አሉኝና ጉንጬን ሳሙኝ።

ንፍሮውን ወደ ሰሐኑ መለስኩት። አሁን እንዴት ብዬ «ጋሼ፣ ኢሜይልዎን ይክፈቱልኝ» እላለሁ? ልናገር አፌን ስከፍት አዲስ ለቀስተኛ ይገባል፤ እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ አለች። ይዘጋ፣ ገደል ይግባ አልኩ በልቤ፤ ወዲያው ደግሞ ሰዓቴን አየሁ። በመጨረሻ «እግዜር ያጽናዎት» ብዬ ተነሣሁ።

ሐዘንተኛ እንግዳ አይሸኝም ቢሏቸውም ተከትለውኝ ወጡ። አጥሩን እንዳለፍን «የሚዘጋው ዛሬ አይደል?» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

«ጋሼ፣ እኔ…»

«ለቅሶ ላፕቶፕ ተይዞ አይመጣም፤ ሳቅፍሽ ነካኝ። ስትጠይቂኝ ልሰማ ስጠብቅ ዋልኩ፤ አልጠየቅሽም።»

ኔትወርክ ያለው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጉብታው ላይ ነው። ወጣን። ላፕቶፑን ከስልኬ ጋር አገናኝቼ ሰጠኋቸው። የጻፍኩትን አልፈለጉትም። «ያንቺው የመድኃኒት ማስታወቂያ ነው የሚመስለው» አሉና በሁለት ጣታቸው መጻፍ ጀመሩ። ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ኔትወርኩ ሲጠፋና ሲመጣ ጥፍሬን ጨረስኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ «ሄደ» አሉ። ጮኼ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ድንኳኑ ከታች ይታየኛል፣ ዋጥኩት።

ላፕቶፑን ሲመልሱልኝ «እናትሽ ያውቃሉ?» አሉኝ።

«አልነገርኳትም።»

«ንገሪያቸው። እኔ ስልክ ሲደወል ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ከስብሰባው ስወጣ እደውላለሁ ብዬ አላነሣሁትም። የደወለችው እናቴ ራሷ ነበረች።»

እኩለ ሌሊት ቤት ገባሁ። በነጋታው ጠዋት እናቴ ጎደሬ ስትልጥ አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ለቅሶውንም፣ ሊንኩንም፣ ሁሉንም። ቢላዋዋን አላቆመችም።

«አገሩ ሩቅ ነው?»

«በአውሮፕላን ነው።»

እጇን ጎደሬው በልቷት ቀሚሷ ላይ አሻሸችው።

«ለሰው እናት ጭቃ ገፍተሽ ደረስሽ» አለች። «ለኔ ጊዜስ ትደርሺያለሽ?»

እኛ ዘንድ ቀብር አይቆይም። ማታ ያረፈ ሰው በነጋታው አፈር ይለብሳል። እንደማልደርስ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። እደርሳለሁ ብዬ ልዋሻት ፈለግኩ፤ ተውኩት። ቢላዋውን ከእጇ ወስጄ መላጥ ጀመርኩ። እዚያው ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። ዝም ልለው ሞከርኩ፤ አንዱን ጎደሬ እንኳ ሳልጨርስ እጄ ወደ ኪሴ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ።

እናቴ እጄን ስታይ ቆይታ «እዪው፤ የባሕር ማዶዎቹ ይሆናሉ» አለችኝ።