ከማሞቂያው የወጣችው ልጅ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ትንሹ የተወለደው ጊዜው ሳይደርስ ነው። ያን ቀን ጅማ በወለድኩበት ሆስፒታል የሕፃናት ማሞቂያዎቹ ሁሉ ተይዘው ስለነበር፣ አዋላጇ ልጁን ራቁቱን ደረቴ ላይ አድርጋ በነጠላዬ አሰረችው። ቦታ እስኪለቀቅ ነው አለችኝ። ቦታው ሳይለቀቅ ልጁ መጥባት ጀመረ። ዛሬ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ለሁለተኛ ዲግሪ ስመዘገብ ይህን ታሪክ ይዤ ነበር የገባሁት። በሥራ ቀናት ከጅማ ወጣ ብላ ባለች የቡና ከተማ፣ በሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ቅዳሜና እሁድ ለትምህርት በሚኒባስ ጅማ እገባና መንደራ ቆጪ ሰፈር እህቴ ቤት አድራለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በቀጥታ በባጃጅ ወደ ክፍል ነው።

ከትምህርቶቹ አንዱ ለሕክምና ሥራ የሚሆን ማስረጃን መፈለግ፣ መመዘንና መጠቀም ይባላል። መምህሩ በዕድሜ ታናሼ ነው፣ ረጋ ያለ ሰው። እያንዳንዳችን ከሥራ ቦታችን አንድ ጥያቄ እንድናመጣ አዘዘን። እኔ የክፍላችንን ልማድ አመጣሁ። እኛ ጋ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን መጀመሪያ ማሞቂያ ውስጥ ይገባል፤ እናቱ በመስኮት ታየዋለች። ደረቷ ላይ የሚደረግላት ትንፋሹ ሲረጋጋ፣ ከቀናት በኋላ ነው። ለምን ከመጀመሪያው አይሆንም ብዬ ጠየቅኩ፤ የልጄንም ታሪክ ተናገርኩ። ተማሪው አጨበጨበልኝ። መምህሩ አላጨበጨበም።

"ሲስተር፣ እግዚአብሔር ያሳድግልዎ" አለኝ። "ግን ይሄ አንድ ልጅ ነው። ልጃቸው ያልዳነላቸው እናቶች እዚህ መጥተው አልተናገሩም።"

ከፋኝ። ጸበል ቦታ የዳነ ሰው ሲመሰክር እልል ይባልለታል እንጂ ያልዳኑትስ የት አሉ ተብሎ አይጠየቅም። ስጸልይ ግን ያልዳኑት መጡብኝ። በእጄ ጠቅልዬ ለአባቶቻቸው ያስረከብኳቸው ሕፃናት አሉ። መምህሩ ትክክል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በትምህርቱ አልቀለድኩም።

ጥያቄን አጥብቦ መጠየቅ ተማርኩ፤ ለየትኛው ሕፃን፣ ምን ቢደረግለት፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር ብሎ። የቤተ መጻሕፍቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ በስልኬ ፓኬጅ እየገዛሁ ፈለግኩ። ያገኘሁትን ጥናት መጠራጠርም ተማርኩ። ሕፃናቱ የተመደቡት በዕጣ ነው ወይስ ጠንካሮቹ ተመርጠው? በመካከል የጠፉት ተቆጥረዋል? መምህሩ ደግሞ በየሳምንቱ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነበረው፤ ጥናቱ ውስጥ ያሉት እናቶች የእናንተን እናቶች ይመስላሉ?

መሰሉኝ። ከእኛ ብዙም በማይሻሉ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች አገኘሁ። ትንፋሹ ገና ያልተረጋጋው ሕፃን እንኳ ከመጀመሪያው ከእናቱ ገላ ጋር ቢቆይ የመትረፍ ዕድሉ እንደሚጨምር ያሳያሉ፤ ኦክስጅን እስካለው፣ የሚከታተለው ባለሙያ አጠገቡ እስካለ ድረስ። እዚያ ለእናትየዋ በዚያው ክፍል አልጋ ይሰጣታል። እኛ ጋ አልጋ የለም። እሱንም ጻፍኩ። ወንበር ግን አለ።

በፍልሰታ ጾም አንዲት ልጅ ተወለደች። እናቷ ከቡና መንደር በአምቡላንስ የመጣች ወጣት ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። ሕፃኗ በጣም ትንሽ ነበረች፣ ትንፋሿ ይፈጥናል። ማሞቂያ ውስጥ ገባች። እናቷ ከወላዶች ክፍል ግድግዳውን ይዛ እየመጣች በመስኮት ታያት ነበር።

ጽሑፎቹን አትሜ ለክፍሉ ኃላፊ ሐኪም ሰጠሁት። ይህቺ ልጅ ዛሬውኑ እናቷ ደረት ላይ ትሁን፣ እኔ ከአጠገቧ አልነሳም አልኩት። መጥፎ ሰው አይደለም፤ በዕረፍቱም ቀን ሲጠሩት ይመጣል። አነበበው። በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ሲስተር ሳትመረቅ ፕሮፌሰር ሆናለች ብሎ አሳቀብኝ። ሳቁ ሲያልቅ መመሪያው ከላይ ሲቀየር እኛም እንቀይራለን አለ። መመሪያው እስኪቀየር ልጅቷ አትጠብቅም አልኩ። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስሚኝ እህቴ። ማሽኑ ውስጥ ብትሞት ማንም አይጠይቀንም። እናቷ ደረት ላይ ብትሞት ያወጣት ሰው ነው የሚጠየቀው። ልጆች አሉሽ።"

እውነቱን ነበር። ካነበብኳቸው ጽሑፎች ይህንን የመዘነ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ አልነበረውም፤ ፍለጋ ሰው ተላከ። ኦክስጅኑ ከሲሊንደር ስለነበር አልተቋረጠም፣ ማሞቂያው ግን ቀዘቀዘ። እንደ ልማዳችን የእጅ ጓንት ሙቅ ውሃ እየሞላን በጎንና በጎኗ አደረግን። ውሃው ወዲያው ይበርዳል፣ እንደገና እንሞላለን። እግሯን ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፤ ሌላ ሕመምተኛ ላይ ነው አሉኝ።

በስመ አብ ብዬ አወጣኋት።

እናትየዋን ወንበር ላይ አስቀምጬ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አደረግኩና አብረዋት በመጡት በሕፃኗ አያት ሻሽ አሰርኳቸው። የኦክስጅኑ ቱቦ እንዳይወልቅ በእጄ ያዝኩት። እናትየዋ ፈርታ እጇን ልታሳርፍባት አልደፈረችም። በኦሮምኛ፣ ያዢያት፣ ልጅሽ ናት አልኳት። ያዘቻት።

እግሯ ሞቀ። መብራት ሲመጣ ሐኪሙ ገብቶ አየን። መልሻትም አላለ፣ ተያትም አላለ። ቴርሞሜትሩን አነበበ፣ ጨቅላዋን አዳመጠ፣ ወጣ። ሳንባዋ ግን አልጠናም ነበር። በማግስቱ ጠዋት እዚያው ደረት ላይ አረፈች።

የሞት ግምገማ የምንለው ስብሰባ አለን፤ ለምን እንደሞተ የምንጠያየቅበት። ስለ ናፍጣው የጠየቀ አልነበረም። ማን አወጣት አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። ወረቀቶቼን ዘርግቼ መናገር ስጀምር አንዱ የአስተዳደር ሰው አቋረጠኝ።

"ጥናቱን ተይው፣ ሲስተር። ልጅቷ የሞተችው የት ነው?"

"እናቷ ደረት ላይ።"

"አለቀ።"

በዚያው ክረምት ማሞቂያ ውስጥ የሞቱብን ስንት ናቸው ብዬ ጠየቅኩ። ለእነሱ ማሽን ውስጥ የሞተው በእግዚአብሔር ፈቃድ ሞቷል፣ ደረት ላይ የሞተችውን ግን ሰው ገድሏታል። የእግዚአብሔርን ፈቃድ የማልቀበል ሰው አይደለሁም። ስሙ ለዚህ ሲጠራ ግን ያመኛል። ሐኪሙ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። በሩ ላይ እናቶች ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳይገቡ የሚል ወረቀት ተለጠፈ። አዲስ ነርስ ሲመጣ የዚያች ልጅ ታሪክ ይነገረዋል፤ ለትምህርት ይሆነዋል ተብሎ።

ለመምህሬ ሁሉንም ነገርኩት። ማስረጃን ስለ መጠቀም ያለኝ ሁለት ስላይድ ብቻ ነው አለኝ። ቢሆንም አመሰግነዋለሁ። ባያስተምረኝ ኖሮ በአንድ ልጅ ታሪክ ስከራከር እኖር ነበር፣ ልክ እነሱ ዛሬ እንደሚከራከሩኝ።

አንድ ቅዳሜ ሄርማታ ገበያ ውስጥ የሕፃኗ አያት አወቁኝ። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ብለው እጄን ያዙ። እዚያ ሣጥን ውስጥ ሆና ብትሞት ልጄ ጠረኗን ሳታውቅ ትቀር ነበር አሉኝ። አልሃምዱሊላህ አሉ። እኔም ተመስገን አልኩ። ከዘንቢላቸው አቮካዶ አውጥተው ካልወሰድሽ አሉኝ፤ ወሰድኩ።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ማሞቂያው ውስጥ አዲስ ሕፃን ነበር፤ እናቱ ደጅ ቆማለች። ሐኪሙን ፈቃድ ጠየቅኩት። መመሪያው ይምጣ አለኝ። ማክሰኞም ጠየቅኩት።