ስፒከሩ ያላነበበው ድምፅ

መሪጌታ ክንፈሚካኤል ድምፃቸውን ያጡት ጉሮሯቸው ውስጥ በወጣ እባጭ ምክንያት ነው። ባሕር ዳር ሲወስዷቸው ሐኪሙ ሕይወታቸው እንደሚተርፍ፣ ድምፃቸው ግን እንደማይተርፍ ሳይሸፋፍን ነገራቸው። እሳቸውም “እሺ” አሉ። ባለቤታቸው እታለም ከአንደበታቸው የሰማችው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

ከዚያ በፊት ከማንኩሳ ወዲያ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ለብዙ ዘመን ጾመ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ተማሪዎቹ በደብሩ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ የኔታ ሲያዜሙ እየተከተሉ፣ ሲሳሳቱ እየታረሙ ነበር የሚማሩት። የኔታ ድምፅ አልባ ሆነው ሲመለሱ ተማሪዎቹ ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ አንዱ ወደ ቡሬ፣ ሌላው ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት እያለ ተበተነ። የቀሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነሱም ትልቁ ዲያቆን ውዳሴ ነበር።

መሪጌታ የሄዱትንም አልከለከሉ፣ የቀሩትንም አላመሰገኑ። ጠዋት ወጥተው ድሮ ያስተምሩበት የነበረው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንገታቸው ላይ የቀረውን የመተንፈሻ ቀዳዳ በነጠላ ይሸፍናሉ። እታለም ምሳ ስታቀርብ ይበላሉ፤ ብታዘገየው አይጠይቁም። ሰው እንዴት ነዎት ሲላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ደህና ነኝ ማለታቸው ይሁን ሌላ፣ የሚለየው አልነበረም። አንድ ቀን ላሚቱ ገመዷን በጥሳ በፊታቸው አልፋ የጎረቤት ጤፍ ውስጥ ስትገባ ቁጭ ብለው አዩዋት። እታለም ያን ቀን ፈራች።

ፍላሹ ትዝ ያላትም ያኔ ነው። ከመታመማቸው በፊት ዜማ የሚያጠና አንድ እንግዳ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ጾመ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር ሲያዜሙ ቀድቷቸው ነበር። ሲሄድ ቅጂውን በፍላሽ ትቶላቸዋል። ልጃቸው ሜላት ደግሞ ፍላሽ የሚሰካበት ትንሽ ስፒከር ከፍኖተ ሰላም ልካላቸው ነበር። እታለም የኔታ አፍ ባይኖራቸውም ድምፃቸው አለ ብላ አሰበች። ስፒከሩ ያዚም፣ ተማሪው ይከተል፣ እሳቸው ያዳምጡ።

ስትሰካው ግን አልሆነም። መብራቱ ይበራል፤ ቁጥሩ አንድ ይላል፣ ትንፍሽ ሳይል ወደ ሁለት ይዘላል፣ ሦስት ይላል። እስከ መጨረሻው ቆጥሮ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ውዳሴ በስልኩ ሞከረው፤ ስልኩም ይህን ፋይል መክፈት አልችልም አለ። እታለም እንግዳውን ባዶ ዕቃ አስታቅፎን ሄደ ብላ አማችው። መሪጌታ ቁጥሩ ሲዘል ቁጭ ብለው አዩ።

በገበያ ቀን እታለም እንሂድ አለቻቸው፤ ተነሥተው ተከተሏት። እስከ ማንኩሳ በጋሪ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሆነው ፍኖተ ሰላም ደረሱ። ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ወንዳወቅ የሚባል ሰው ዘፈንና መዝሙር በሚሞሪ የሚጭንበት ጠባብ ሱቅ አለው። ያን ሰሞን ኢንተርኔት ስለተቋረጠ ሱቁ ሚሞሪና ፍላሽ በያዘ ሰው ተጨናንቆ ነበር። ወንዳወቅ የመሪጌታን ጥምጥም ሲያይ ወንበሩን ለቀቀላቸው።

መጀመሪያ ፍላሹን በሌላ ስፒከር ሞከረው፤ ያም ቆጥሮ ቆጥሮ ዝም አለ። ቀጥሎ በዚያው ፍላሽ ላይ አንድ መዝሙር ጭኖ በእነሱ ስፒከር ከፈተው፤ መዝሙሩ ጥርት ብሎ ወጣ። እንግዲያው ፍላሹም ስፒከሩም ደህና ናቸው አለ። የእንግዳውን ፋይሎች ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ወዲያው ቀና ብሎ መሪጌታን አያቸው። ድምፁ አለ። ማዳመጫውን ሲያቀብላቸው በእጃቸው ምልክት “ይቆይ” አሉት።

የፋይሉን ዝርዝር ሲመለከት ነገሩ ተገለጠለት። ለእታለም እንዲህ ሲል አስረዳት፦ መቅጃ ድምፅን የሚይዘው በየሰከንዱ ብዙ ሺህ ቦታ እየከፋፈለ ነው። የእንግዳው መቅጃ የባለሙያ ስለሆነ ዘጠና ስድስት ሺህ ቦታ ከፋፍሎታል። ይህ ስፒከር ደግሞ ከአርባ ስምንት ሺህ በላይ ማንበብ አይችልም። የማይችለው ሲገጥመው አልቻልኩም አይልም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ቁጥሩን ወደ አርባ ስምንት ሺህ ዝቅ አድርጎ ፍላሹን ስፒከሩ ላይ መልሶ ሰካው። አሁን ድምፅ ወጣ፤ ግን የሚጎተት፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ ነበር።

“ይሄ ደግሞ የማን ሰውዬ ነው?” አለች እታለም።

ወንዳወቅ አፍሮ አጠፋው። የቸኮለው እሱ ነው፤ የቁጥሩን ስም ብቻ ለውጦ ድምፁን ራሱን አልቀየረውም፤ ስለዚህ ስፒከሩ በግማሽ ፍጥነት አነበበው። ሌላ ፕሮግራም ከፍቶ እያንዳንዱን ፋይል እንደገና በትክክል ወደ አርባ ስምንት ሺህ ቀየረው። ደንበኞቹ ቆመው ጠበቁ።

ከዚያ የመሪጌታ ክንፈሚካኤል ድምፅ ከትንሿ ስፒከር ወጣ። በር ላይ የቆመ ገበሬ ባርኔጣውን አወለቀ። እታለም በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። መሪጌታ ግን ምንም አልተሰማቸውም። የማያውቁት ሰው ሲያዜም እንደሚሰሙ ሆነው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ይህ እኔ ነበርኩ ብለው ለማሰብ ሞከሩ፤ ሐሳቡ መጥቶ ሳይነካቸው አለፈ።

ጥቂት እንደቆየ ድንገት እጃቸውን አነሡ። ወንዳወቅ ፋይሉ አሁንም ተበላሽቷል ብሎ አቆመው። መሪጌታ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ የከንፈራቸውን ንግግር የምታነበው እታለም ናት።

“ፋይሉ ደህና ነው ይላሉ። የተሳሳቱት እሳቸው ናቸው። ዜማው እዚያ ላይ መውረድ ነበረበት፤ ሳይወርዱ አለፉት።”

“ቆርጬ ላውጣልዎት፣ የኔታ?” አለ ወንዳወቅ።

እታለም ከንፈራቸውን ጠብቃ አየችና “ይቅር፣ ስሕተቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ያግኙት ይላሉ” አለችው።

በማግሥቱ ዛፉ ሥር ስፒከሩ ተከፈተ። ተማሪዎቹ የተሳሳተችውን ቦታ እንደ ተቀዳችው አድርገው ተከተሏት። መሪጌታ ጠበቁ። በሌላውም ቀን እንዲሁ ሆነ። በኋላ ውዳሴ እታለምን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ያቺ ቦታ ድሮ ከተማራት የተለየች እንደሆነች፣ የኔታን ተሳሳቱ ማለት ግን ነውር ሆኖበት እንደተዋት ነገራት። እሷም ለባሏ ነገረች። መሪጌታ ውዳሴን አስጠርተው በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አደረጉ፤ አዚም ማለታቸው ነው። ውዳሴ ቦታዋ ላይ ሲደርስ ዜማውን አወረደው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና ከስፒከሩ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ እንዲቀመጥ በመቋሚያቸው አመለከቱት።

ከዚያ ወዲህ ስፒከሩ ይመራል፣ ውዳሴ ይቀበላል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። ስሕተት ሲመጣ መቋሚያው መሬት ይመታል። ወሬው ቡሬ ደርሶ ከሄዱት መካከል አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ ብዙዎቹ ግን በሄዱበት ቀሩ።

ተማሪዎቹ የተበተኑ አንድ ከሰዓት በኋላ እታለም አጠገባቸው ተቀመጠች።

“አሁንስ ትንሽ ደስ አለዎት?”

ሊዋሹላት የፈለጉ አይመስሉም። ከንፈራቸው በዝግታ ተንቀሳቀሰ፦ “አልጠላሁትም።”

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ መሪጌታ ተነሥተው ስፒከሩን አነሡና ለነገ እንዲሞላ ከጣሪያው ሶላር የሚወርደው ገመድ ላይ ሰኩት። ትንሿ መብራት ቀይ እስክትሆን ቆመው አዩ፤ ከዚያ ወደ ቤት ገቡ።