ሳር የማይረግጠው አባቴ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ እዚህ አሜሪካ፣ ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር ወዳለ አንድ ሙዚየም ስገባ፣ በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ያቺን ዱላ መሳይ የብረት መፈተሻ ጎኔ ላይ አሳለፋት። ጢጥ አለች። የቀበቶዬ ብረት ነው። እኔ ግን ግራ እግሬን ማንሳት አቃተኝ።

«ማሚ፣ ሙቭ አድርጊ እንጂ፣ ሰው እያየን ነው!» አለች ልጄ።

ምን ብዬ ላስረዳት? አፍንጫዬን የሎሚ ቅጠልና የተገለበጠ አፈር ሽታ ሞልቶት ነበር።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። በዲቪ ከመጣን ገና ሁለት ዓመታችን። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ከፌርፋክስ መንገድ ገባ ብላ ባለች አፓርታማ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። አባቴ ሥራው የሰው መኪና ፓርክ ማድረግ ነበር፤ ዝምተኛ ሰው። አንድ አመል ነበረው፤ ሳር አይረግጥም። ከቤታችን ፊት ያለችውን ምንጣፍ የምታክል ሳር እንኳ ዞሮ ነው የሚያልፋት። እኔማ የአሜሪካንን ሕግ ማክበሩ ይመስለኝ ነበር። ከታች የሚኖሩት ጎረቤታችን ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ ጨዋታ አዋቂ፣ ባዩት ቁጥር ይለክፉታል።

«የተረቱ በሬ ሳሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ቀረ። አንተ ደግሞ ሳሩ ራሱ ገደል ሆነብህ!»

«ይሁንልዎ ጋሼ» ይላል አባቴ።

ጋሼ ሜታል ዲቴክተር፣ የተቀበረ ብረት ሲያገኝ ጢጥ የሚል ማሽን፣ ነበራቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የወዳጃቸው እርሻ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ቁልፍና የድሮ አዝራር ይፈልጉበታል። ትምህርት ቤት አሮጌ ዕቃ አምጡ ተብለን ስለነበር ይዘውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። አባቴን «የሎሚ እርሻ ልናይ ነው» አልነው፤ ብቻዬን አይለቀኝምና አብሮን መጣ። መኪናው ኋላ ስለተጫነው ማሽን ግን አልነገርነውም። ምን ይነገራል ብለን?

ስንደርስ ያረጁት የሎሚ ዛፎች ተነቅለው መሬቱ በትራክተር ተገልብጧል። ፀሐዩ ገና ለስላሳ ነው። አባቴ አስፋልቱ ላይ ቀረ፤ ጀርባውን ሰጥቶን ተራራውን ያያል። እኔና ጋሼ ማሳው ውስጥ ገባን። ማሽኑን አስያዙኝ። «ቀስ ብለሽ፣ ቤት እንደሚጠርግ ሰው» አሉኝ። ግራ፣ ቀኝ። ጢጥ አለ። ትንሽ ወደፊት ስል ጢጥ ጢጥ ጢጥ! በደስታ ዘልዬ ድምፁ የመጣበት ላይ ቆምኩ።

«ቁሚ!»

አባቴ እንደዚያ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም።

«እግርሽን እንዳታነሺ! የኔ ልጅ፣ እንዳትነቃነቂ!»

ጋሼ ሊስቁ ጀምረው ነበር። «ታዲያ ምን አለበት፣ አሮጌ ቆርቆሮ ይሆናላ...»

«እርስዎም ባሉበት ይቁሙ!»

ፊቱን ሲያዩ ሳቃቸው ጠፋ። አባቴ ከአስፋልቱ ወረደ። የመጣው ግን ዝም ብሎ አልነበረም፤ ለስላሳው አፈር ላይ የተውኩትን ዱካ አንድ በአንድ እየመረጠ፣ ትልቁን ጫማውን በትንሿ ዱካዬ ላይ እያሳረፈ ነው። አጠገቤ ሲደርስ በደረቱ ተኛ። ጋሼ ብርቱካን የሚልጡበትን ቢላዋ ተቀብሎ፣ ከጫማዬ ጠርዝ አጠገብ አግድም አዘንብሎ አፈሩ ውስጥ ይሰደው ጀመር። አንድ ጣት ያህል ይሰድና ይመልሳል። እንደገና ይሰዳል። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል።

«አባዬ፣ ምንድን ነው?»

«ዝም በይ፣ የኔ እናት። ወደ ላይ እዪ።»

የሎሚ እርሻ ውስጥ ፈንጂ ምን ሊሠራ? አሁን ሲያስቡት ያስቃል። ያኔ ግን ቢላዋው ብረት ነክቶ ቂው ሲል ጋሼ ሲያማትቡ አየሁ። እኔም እግሬን ተሰናበትኩት።

አባቴ አፈሩን በጣቶቹ ጠረገ። ጠረገ፣ ጠረገ፣ ከዚያ እጁ ቆመ።

«ማረሻ» አለ። «ማረሻ ነው።»

በፈረስ ይታረስ ከነበረበት ዘመን የቀረ፣ ዝገት የበላው የማረሻ ጫፍ ነው። አንስቶ እንኳ አላየውም። ቁርጭምጭሚቴን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን ጫማዬ ላይ ደፋ፤ ለረጅም ጊዜም አለቀቀኝም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ፍሪዌዩ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ማረሻውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተናገረ። «ጦር ሠራዊት እያለሁ ፈንጂ አምካኝ ነበርኩ። አንዱን ማሳ ‹ጸድቷል› ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ገባ።»

ከዚያ ማረሻውን በመዳፉ ሸፈነው። ጋሼ መሪውን አጥብቀው ይዘው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የበሬውን ተረት ደግመው አልተረቱበትም፤ ሳሩን ዞሮ ሲያልፍ ካዩት እሳቸውም አብረውት ይዞሩ ነበር።

ማረሻውን ትምህርት ቤት አልወሰድኩትም። ዛሬ የኩሽናዬ መስኮት ላይ ተቀምጧል።

አባቴን ከቀበርን ሁለት ዓመት ሆነን። የዚህ አገር መቃብር ደግሞ መቼም ሳር ብቻ ነው፤ ዓይን እስከሚያይ ሳር። ሬሳውን የተሸከሙት አስፋልቱ አልቆ ሳሩ ጋ ሲደርሱ «አንዴ ቆዩልኝ» አልኳቸው። ቄሱም ግራ ተጋብተው አዩኝ። ጫማዬን አወለቅኩና ቀድሜያቸው ገባሁ። እያንዳንዱን እርምጃ ጫን፣ ጫን እያደረግኩ እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ሄድኩ። ከዚያ ዞርኩ።

«ጸድቷል፣ አባዬ» አልኩት። «በዱካዬ ና።»