የመስኮቷ ተራ

ያሰሩኝ ስሌቱ ሳያልቅ ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ በማስተምርበት ኮሌጅ፣ የተጣሉ አሮጌ ኮምፒውተሮችን ጠጋግኜ፣ በኬብል አስተሳስሬ እንደ አንድ ማሽን አሠራቸው ነበር። አንዱ አውራ ሆኖ ሥራ ያከፋፍላል፤ ሌሎቹ፣ ኖድ የምንላቸው፣ የደረሳቸውን እያሰሉ ይመልሱለታል። የሚያሰሉት የዝናብ መረጃ ነበር። የመጡት ሰዎች ግን ይህ ሁሉ ሽቦ ከማን ጋር እንደሚያገናኘኝ ጠየቁኝ። እርስ በርሳቸው ነው የተገናኙት አልኩ። አላመኑኝም።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። የገብሱ እብቅ ገና ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይቦንናል። አየር የሚገባው በአንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ስለሆነ እሷ ጋ የሚቆመው በተራ ነው። ተራውን የሚሰጠው የክፍሉ ካቦ፣ ድምፁ ጎርናና የሆነ የስማዳ ገበሬ ነበር።

እኔ እንደሆንኩ አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ጣቴ ጉልበቴን ይመታል። ጥግ ያለው ኖድ ስታክ ማድረግ፣ ሥራ መሐል ደርቆ መቅረት፣ ይወዳል፤ አሁንስ አድርጎ ይሆን? አጠገቤ የተቀመጡት መሪጌታ፣ የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ መምህር፣ አስማቸው እያፈናቸው ጉንዳን ገባብህ ወይ ሲሉኝ ሳልወድ ሳቅሁ። ስለ ማሽኖቹ ነገርኳቸው። ሰምተው ሰምተው፣

"አውራው ቢጠፋስ?" አሉ።

"ሁሉም ሥራ ፈቶ ይቆማል፣ የኔታ።"

"እንዲያማ ከሆነ ጉባኤህ ደካማ ነው። እኛ ዘንድ መምህሩ ቢታመም የዘለቀው ተማሪ ተነሥቶ ያስቀጥላል፤ ጉባኤ አይታጠፍም።"

አናደዱኝ፤ እውነታቸውን ነበራ።

ረፋዱ ላይ ካቦውን ጠርተው ወሰዱት። ወዲያው መስኮቷ ጋ ግፊያ ሆነ፣ እብቁ ተነሣ፣ የኔታን ሳል ያጣድፋቸው ጀመር። ከንፈራቸው ሲጠቁር ሊሞቱብን ነው ብዬ ደነገጥኩ። በትከሻዬ እየገፋሁ ወስጄ መስኮቷ ጋ አቆምኳቸው። ከዚያ ዞሬ የመጣልኝን ተናገርኩ፦ ከእንግዲህ ተራ ሰጪ የለም፤ ከመስኮቷ የሚወርድ ሰው ቀጣዩን ይጥራ፤ የተጠራው ከሌለ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ይጠራ፤ የኔታን ሳል ሲነሣባቸው ግን የሁላችንም ተራ ይቆይ። አንዳንዱ አጉረመረመ። ቢሆንም ተጀመረ።

ግፊያውን የሰማው ዘበኛ በሩን ከፍቶ እዚህ የሚያዘው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

"የሚያዝ የለም፤ ተራ ነው ያለው" አልኩ።

ይዞኝ ወጣ።

ከመጋዘኑ ቀጥሎ ባለ ክፍል ስለ ሽቦው ደግመው ደጋግመው ሲጠይቁኝ ዋሉ። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም፤ ጆሮዬ መጋዘኑ ጋ ነበር። ሳላቸው በግድግዳው ይሰማኛል፤ እስከሳሉ ድረስ በሕይወት አሉ እላለሁ። አመሻሹ ላይ ሳሉ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ የሚሉኝን መስማት አቃተኝ።

ሲመልሱኝ በሩ እንደተከፈተ ያየሁት የኔታን ነው። መስኮቷ ጋ ቆመው በቀስታ ይተነፍሳሉ። እንባዬ መጣ፣ ምን ይደበቃል። እሳቸው ዘወር ብለው አዩኝና ነጠላቸውን ሰብስበው ከመስኮቷ ወረዱ።

"ና፣ ተራህ ነው። በሌለህበትም ስትጠራ ነው የዋልከው።"

ከተፈታሁ ወዲህ ዛሬም እዚያው ኮሌጅ ነኝ። ማሽኖቹን እንደገና ሳስተሳስር ቋሚ አውራ አላደረግሁላቸውም፤ አንዱ ሲጠፋ የቀሩት ከመካከላቸው መርጠው ይቀጥላሉ፤ የጠፋውንም በየጊዜው ይጠሩታል። ለአዲስ ተማሪዎች ሳሳይ፣ ሥራው መሐል፣ አውራ የሆነውን ማሽን ኬብል እነቅላለሁ። ይደነግጣሉ። እኔም የሚሆነውን እያወቅሁ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ማያው ላይ ስሌቱ ሲቀጥል ሳይ ተነሥቼ መስኮት እከፍታለሁ።