አባቴ የደመረው ሰባት

ለአሜሪካ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በታች የሴቶች ክሪኬት ቡድን የተጫወትኩት አንድ ጉዞ ብቻ ነው። ሦስት ጨዋታ ዳር ቁጭ ብዬ ውሃ አቀበልኩ። በአራተኛው ገባሁና ከአንዲት ልጅ ኋላ የቆሙትን ሦስት እንጨቶች በኳስ መትቼ ልጅቷን ከጨዋታ አስወጣኋት። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ረጅም ታሪክ ይጠብቃል፣ እኔን ደግሞ ማውራቱ ይደክመኛል። ክሪኬት ምን እንደሆነ ለአበሻ ማስረዳት ብቻውን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

የጀመርኩት አሜሪካ፣ ኒው ሆፕ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ የምንኖርበት አፓርትመንት መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ከላይኛው ፎቅ ያሉት ህንዶች አንድ ቅዳሜ ሰው ጎደላቸውና ጠሩኝ። በክሪኬት ሕግ እንደሚፈለገው ክንድን ሳያጥፉ ኳስ መወርወር ለብዙ ሰው ጣጣ ነው፤ ለእኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን እሺ አለኝ። አባቴ በረንዳ ላይ ቆሞ ያየን ነበር። አውቶቡስ ነጂ ነው፣ ስለ ክሪኬት ምንም አያውቅም። በማግስቱ በረዶ የሚጠርግበትን ወፍራም ጓንት አጥልቆ ከእንጨቶቹ ኋላ ቆመ።

"በይ ወርውሪ፣ እኔ ካች አደርጋለሁ" አለኝ።

ሰኞ ሥራ የገባው ጣቶቹ አብጠው ነው።

በረዶ ሲገባ የምንለማመደው ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ውስጥ መረብ በተዘረጋበት መጋዘን ነበር። ከእኛ ቤት እዚያ ለመድረስ ከተማውን አቋርጦ ወንዙን መሻገር ነው። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲያመላልስ ይሰነብትና ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እኔን ይዞ ይነዳል። መንገድ ላይ አናወራም። እሱ ያዛጋል፣ እኔ መስኮቱን ተደግፌ እተኛለሁ።

ከመጀመሪያው ጉዞ በተመለስኩ በዓመቱ፣ የሁለተኛው ጉዞ ስም ዝርዝር ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው አሰልጣኛችን ደወለችልኝ። ጥሩ ሴት ናት፣ ነገር ማለስለስ ግን አትችልበትም።

"ቦታ ይዤልሽ ነበር። ፓስፖርትሽ ግን ዕድሜሽ አልፏል ይላል" አለችኝ።

ስህተት ነው አልኳት። የታረመ ወረቀት ካለሽ እስከ ዓርብ አምጪ አለች። የዜግነት ወረቀት እስከ ዓርብ የሚያርም መሥሪያ ቤት የት እንዳለ አልነገረችኝም።

ስህተቱን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። የተወለድኩት በየካቲት ነው። በየካቲት የተወለደ ሰው ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ሲያዞር ስምንት ይደምራል። አባቴ ወደዚህ አገር ያመጣንን ፎርም ሲሞላ ግን ልዩነቱ ሰባት ነው ብሎ ሰባት ደመረ። በዚህ የተነሳ በወረቀት ከራሴ አንድ ዓመት እበልጣለሁ። ሲያስቀን የኖረ ነገር ነው። "መንጃ ፈቃድ ከጓደኞችሽ ቀድመሽ ያወጣሽው በእኔ ነው፣ አመስግኚኝ" እያለ ይቀልድ ነበር።

ያን ቀን ከሥራ እስኪገባ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ተናድጄበት ነበር፤ አንድ ቁጥር፣ አንዲት ቁጥር መጠየቅ ምን ያቅተው ነበር እያልኩ። በሩን ከፍቶ ሲገባ ወገቡን ይዞ ነው። ጫማውን ለማውለቅ ወንበሩን ተደገፈ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

"አባዬ፣ አልተመረጥኩም። ውርወራዬ ወርዷል አሉኝ" አልኩት።

ጫማውን አውልቆ ጨረሰ። ከዚያ መራጮቹን ሰደባቸው። "ምን ያውቃሉ እነሱ! ቅዳሜ እንሄዳለን። ፕራክቲስ ማድረግ ነው እንጂ መቀመጥ የለም" አለ።

ሄድን። በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ልገባበት ለማልችለው ቡድን ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዙን ተሻገርን። ይቅርብን እንዳልለው ለምን ይለኛል። እውነቱን እንዳልነግረው ወገቡን ይዞ የገባው ነገር ዓይኔ ላይ አለ። ትከሻዬ አመመኝ፣ ኳሱ አስጠላኝ፣ ቅዳሜ የሚባል ቀን አስጠላኝ። እሱን ከጸጸት ያዳንኩት እየመሰለኝ ግን ቀጠልኩ። ስለ መንጃ ፈቃዱ መቀለድ መተዉን እንኳ ያኔ ልብ አላልኩትም።

በጸደይ መግቢያ አንድ ቅዳሜ፣ እዚያው መጋዘን ውስጥ ለዋናው የሴቶች ቡድን ሙከራ መመዝገቢያ ፎርም ይሰጥ ነበር። ለዋናው ቡድን የዕድሜ ጣሪያ የለም። በእኛ ቤት ፎርም የሚሞላው አባቴ ነው፤ የትምህርት ቤቱንም፣ የሐኪም ቤቱንም፣ የሁላችንንም። እንደ ልማዱ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና ስሜን በትልልቅ ፊደል ጻፈ፣ አድራሻችንን ጻፈ። የትውልድ ቀን የሚለው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ።

እስክሪብቶውን ወደ እኔ ዘረጋ።

"እሱን አንቺ ሙዪው፣ ልጄ" አለኝ ቀና ሳይል። "የእኔን መደመር አይተሽዋል።"

ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ አልጠየቅሁትም። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ፓስፖርቴ ላይ ያለውን፣ እሱ የሰጠኝን ዓመት ጻፍኩ። ሌላ የለኝም።

አየው። ከዚያ ጓንቱን አጥልቆ ከእንጨቶቹ ኋላ ሄዶ ቆመ።