ሸራ የለበሰው ገንዳ

ሥራዬን የጀመርኩት እጄን ተቃጥዬ ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ኢንጂነር መላኩ ገርጂ ወዳለ አንድ ቪላ ቤት ይዘውኝ ሄዱና «ሰናይት፣ መሰላል ትወጫለሽ?» አሉኝ። «ለምን አልወጣም!» ብዬ ጣሪያው ላይ ወጣሁ፤ ከፀሐይ ማሞቂያው የሚወርደውን የመዳብ ቱቦም በባዶ እጄ ጨበጥኩት። ስጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መለሰልኝ። ኢንጂነሩ ከታች ሆነው «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከፀሐይ ጋር ተዋወቅሽ» አሉ። በማግስቱ ጓንት ይዤ መጣሁ።

ከረዳትነት ወደ ቴክኒሻንነት፣ ከዚያም ወደ ቡድን መሪነት አደግሁ። ከኢምፔሪያል እስከ ለሚ ኩራ ያልወጣሁበት ጣሪያ ጥቂት ነው። ጣሪያ ላይ የዋለ ሰው የማይሰማው የጎረቤት ጉድ የለም፤ እሱን ግን ሆድ ይፍጀው። ሥራውን ለምትጀምሩት ለእናንተ ለወጣቶቹ የማወራው ስለ አንድ የመዋኛ ገንዳ ነው።

ገንዳው ያለው ሲኤምሲ፣ የደንበኛችን የሳምራዊት ወላጆች ግቢ ውስጥ ነው። አባቷ ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ይዞት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አውሏቸዋል። ሐኪማቸው «ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እግራቸውን ያንቀሳቅሱ፤ ውሃው ክብደታቸውን ይሸከምላቸዋል» ብሎ ነበር። ልጅቷ ደስ ብሏት አስገባቻቸው። ውሃው በረዶ ነው፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ አለ። ሲያወጧቸው «ሁለተኛ እዚህ ብታስገቡኝ አባት የለሽም!» ብለው ጮኹባት።

እኛን የጠራችን ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። ፓምፑ ከማጣሪያው የወጣውን ውሃ ወደ ጣሪያ ይገፋዋል። ጣሪያው ላይ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦዎች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ ውሃው በእነሱ ውስጥ አልፎ፣ ሞቆ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ወደ ጣሪያ የሚወስደውን ቫልቭ ይዘጋዋል።

ጋሽ ታደሰ ወንበራቸውን ግቢው መሃል አስቁመው ሲቆጣጠሩኝ ዋሉ። «ያቺን ማሰሪያ አጥብቂያት እንጂ! ይሄ እኮ ራዲያተር ነው፣ የተገለበጠ ራዲያተር። ያኛው ያበርዳል፣ ይሄ ያሞቃል።» እውነታቸውን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደንበኛ ሳስረዳ የምለው እሱን ነው።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ አጥንት የሚሰብር ብርድ። ከሰዓት በኋላ ውሃው ግሩም ሆኖ ይሞቃል። ሲነጋ ግን እጄን ስነክረው ያው በረዶ! ሙቀቱ ሌሊቱን ወደ ሰማይ ሄዷል። እግራቸውን የሚያሠራቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወንድወሰን ደግሞ ወደ ክሊኒኩ ከመግባቱ በፊት፣ በጠዋት ካልሆነ ጊዜ የለውም። ውሃው ላይ የሚነጠፈው ክዳን ከዕቃው ጋር ታዝዞ ነበር፤ መንገድ ላይ ቀረብን።

ጋሽ ታደሰ ቅዳሜ ዕለት ሁላችንንም ሰበሰቡን። «ሰኞ ጠዋት አንድ ጊዜ እገባለሁ። ከቀዘቀዘኝ ግን ውሃ የሚባል ነገር ማንም እንዳያነሳብኝ።» ያሉትን የማይለውጡ ሰው ናቸው። ሳምራዊት ፊቷን አዙራ እንባዋን ስትጠርግ አይቼ አንጀቴን በላችኝ።

ስስ ፕላስቲክ ብቻውን ሞክሬ ነፋስ ጎረቤት ግቢ ወስዶት ነበር። ስለዚህ ወፍራም ሸራ ልገዛ ኢምፔሪያል አካባቢ ሄድኩ። የሸጠልኝ ሰው ለእድር ድንኳን የሚሰፋ ነው። ጭኜ ስመለስ የጋሽ ታደሰ ባለቤት እትዬ ዘነበች በር ላይ ጠበቁኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሸራ ነው እትዬ። ገንዳውን ላለብሰው ነው።»

«ድንኳን! ሰውዬው በሕይወት እያለ ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ልትዘረጊ? እኔ ባሌን እንድታድኚልኝ ነው እንጂ እንድትቀብሪልኝ አልጠራሁሽም! ውሰጂልኝ ይሄን ሟርት!»

እኔም ቱግ አልኩ። «እትዬ፣ ብርዱ እኮ ሟርት አያውቅም!» አልኳቸው፤ ባሰባቸው። ለኢንጂነር መላኩ ደወልኩ። «አታስገድጂያቸው፤ ቤቱ የሳቸው ነው። ዋናው ክዳን እስኪመጣ ጠብቂ» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ ሰኞ ግን አይጠብቅም። ሸራውን መልሼ ማጠፍ ጀመርኩ።

ያኔ ጋሽ ታደሰ ከበረንዳው ላይ «ዘነቡ!» ብለው ተጣሩ። «ስሞት ድንኳን አታስተክዪልኝም?»

«ኧረ አፍህን ያዝ! ክፉ አታውራ!»

«ታስተክያለሽ። ለቀስተኛው ሥሩ ሞቆት ካርታ ይጫወታል፤ እኔ ምን አገኛለሁ? አሁን ዘርጉልኝ። በቁሜ ልሙቅበት።»

እትዬ ዘነበች ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባቸው። በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉና መጥተው የሸራውን አንድ ጫፍ አነሱ። «በይ ያዢ፤ ቆመሽ አትዪኝ» አሉኝ። ከሥር ፕላስቲኩን ውሃው ላይ አስተኛን፣ ከላይ ሸራውን ደረብን፣ ዳር ዳሩን በአሸዋ ከረጢት ጫንነው።

ሰኞ ጠዋት ሸራውን ስንገልጠው እንፋሎት ተነሳ። ወንድወሰን ቀድሞ ገባና ጋሽ ታደሰን ደግፎ አወረዳቸው። ውሃው እስከ ደረታቸው ደረሰ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አባ?» አለች ሳምራዊት።

«ሻይ ቅጠል ብቻ ነው የጎደለው» አሉ።

ወንድወሰን ግራ እግራቸውን በእጁ እየገፋ አንዴ አራመዳቸው፤ ቀጥሎ እጁን አነሳ። እግሩ ብቻውን ተንቀሳቀሰ። «አይዞዎት ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አላቸው።

«እኔ እንቁላል ነኝ እንዴ? ልቀቀኝ!» ብለው የገንዳውን ብረት ይዘው ሄዱ። እትዬ ዘነበች እልልታውን ሲያቀልጡት ጎረቤት በአጥር ብቅ አለ። እኔ ለቀቅ አድርጌ አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ!

ዋናው ክዳን ዘግይቶም ቢሆን መጣ። እትዬ ዘነበች አላስነካ አሉ። «የኔ ሸራ ምን ሆነና?» ብለው መለሱኝ።

የፋሲካ ሰሞን ማጣሪያውን ለማየት ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ በከዘራ፣ ቆመው። «ግቢ ቶሎ! ቆሜ ልጠብቅሽ እንዴ?» አሉኝ።

ውሃ ማሞቅ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የሞቀውን ማሳደር ነው። ከዚያ ወዲህ ክዳኑ ግቢው ውስጥ ሳይደርስ ቱቦ አልዘረጋም።